ሞኒተር ለካርዳችሁ ግዙ፣ ለዩቲዩብ አይደለም

የጌመር እናትና አባቶች፣ ብሩ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከናንተ ኪስ ስለሆነ ጉዳዩ ይመለከታችኋል። ጽሑፉ ትንሽ ይረዝማል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ኢንቦክሴ ውስጥ በብዛት ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች አንደኛው «ለጌም ምን ሞኒተር ልግዛ?» የሚለው ነው። እኔም ሁልጊዜ የምመልሰው በጥያቄ ነው፦ «ምን ግራፊክስ ካርድ አለህ? አብዝተህ የምትጫወተውስ ምንድነው?» ብዙዎች በዚህ ይበሳጫሉ። የፈለጉት የአንድ ሞኒተር ስም ነው፤ ስሙን ስልካቸው ላይ ይዘው ሱቅ ለመሄድ። ግን ለአንዱ ምርጥ የሆነ ሞኒተር ለሌላው ብር ማቃጠያ ስለሚሆን፣ ካርዱን ሳላውቅ ስም መጥራት ሰው ገደል መስደድ ይመስለኛል።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሞኒተር የሚመረጠው በካርዱ አቅም ልክ ነው። የካርዱን አቅም ደግሞ ሻጭም ሆነ ዩቲዩበር ሊነግራችሁ አይችልም፤ ራሱ ካርዱ ነው የሚነግራችሁ። ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ፣ አምስት ሳንቲም ሳታወጡ፣ በአንድ ምሽት ልትጠይቁት ትችላላችሁ። እንዴት እንደሆነ ወደ ታች እጽፈዋለሁ።

ይሄን ያህል የማጠብቀው ለምንድነው? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስልክ በሁለት በሦስት ዓመት ይቀየራል። ሞኒተር ግን አንዴ ጠረጴዛ ላይ ከወጣ ስድስትም ሰባትም ዓመት ይቀመጣል። ሱቁ ግድግዳ ላይ ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፏል። አሜሪካ እንዳለው ሰው ወስዶ፣ ሳምንት ሞክሮ፣ ካልተስማማው መመለስ የለም። ስለዚህ ማሰቡ ከመግዛት በፊት ነው የሚያልቀው።

ሁለት ዓይነት አለመመጣጠን አለ።

አንደኛው ካርዱ ጎበዝ ሆኖ ሞኒተሩ ሲያንስ ነው። አርቲኤክስ 3060 የሚያህል ካርድ ገዝቶ፣ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ባለ 60 ሄርዝ ሞኒተር ላይ የሚሰካ አለ። ካርዱ በሰከንድ 130 ሥዕል ሠርቶ ያቀርባል፣ ሞኒተሩ የሚያሳየው 60ውን ብቻ ነው። ያሳዝናል፣ ግን መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ወደፊት ብር ሲገኝ ሞኒተሩን መቀየር። ካርዱ የትም አይሄድም።

ሁለተኛው ሞኒተሩ ጎበዝ ሆኖ ካርዱ ሲያንስ ነው። ይሄኛው ነው የሚያናድደኝ። አንድ የማውቀው ልጅ ጂቲኤክስ 1650 ይዞ ባለ 32 ኢንች 4ኬ ሞኒተር ገዛ። ዴስክቶፑ ላይ ፎቶ ሲከፍት ያምራል፣ እውነት ለመናገር በጣም ያምራል። ጌም ሲከፍት ግን ካርዱ ያቃስታል፣ ሥዕሉ ይቆራረጣል። ሪዞሉሽኑን ወደ 1080ፒ ዝቅ ያደርገዋል፤ ያኔ ያ ሁሉ ብር የወጣበት ስክሪን ጭጋግ የለበሰ መስታወት ይመስላል። ቀጥሎ የሚያስበው ምን መሰላችሁ? «ካርድ ልቀይር።» ካርዱን ሲቀይር ፓወር ሰፕላዩ አይችለውም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። አንድ ግዢ ሁለት ሌላ ግዢ ወለደ።

ከሁለቱ የትኛው ይብሳል ብትሉኝ፣ ያለጥርጥር ሁለተኛው። አንደኛው ያላችሁን አቅም ለጊዜው ያስተኛል፤ ሁለተኛው የሌላችሁን ያስበድራል።

አሁን ሒሳቡን እንየው። ከባድ አይደለም።

ሞኒተር ላይ የተጻፉ ሁለት ቁጥሮች ናቸው ካርዱን የሚመለከቱት፤ ሪዞሉሽን እና ሄርዝ። ሪዞሉሽን ማለት ስክሪኑ ላይ ያሉት ነጥቦች፣ ማለትም የፒክስሎች ብዛት ነው። 1080ፒ የምንለው 1920 በ1080 ነው፤ ሲባዛ ወደ 2 ሚሊዮን ከ70 ሺህ ነጥብ። 1440ፒ 2560 በ1440 ነው፤ ወደ 3 ሚሊዮን ከ690 ሺህ። 4ኬ ደግሞ 3840 በ2160፤ ወደ 8 ሚሊዮን ከ300 ሺህ። እንግዲህ 1440ፒ ከ1080ፒ 1.78 እጥፍ ይበልጣል፣ 4ኬ ደግሞ ልክ አራት እጥፍ። ካርዱ እነዚህን ነጥቦች በእያንዳንዱ ሥዕል ላይ አንድ በአንድ ማስላት አለበት።

ሄርዝ ደግሞ ሞኒተሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ ሥዕሉን እንደሚያድስ ነው። ባለ 60 ሄርዝ በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ያድሳል። ባለ 144 በየ6.9፣ ባለ 240 በየ4.2 ሚሊሰከንዱ። ልብ በሉ፤ ከ60 ወደ 144 ስትሄዱ የምታገኙት ልዩነት ወደ 10 ሚሊሰከንድ ይጠጋል። ከ144 ወደ 240 ስትሄዱ ግን 3 ሚሊሰከንድ እንኳን አይሞላም። ቁጥሩ እያደገ ሲሄድ ጥቅሙ ያንሳል፣ ዋጋው ግን አያንስም።

ለእናቶቻችን በሚገባ ቋንቋ ልበለው፦ ካርዱ ምጣድ ነው፣ ሞኒተሩ ገበታ ነው። ሄርዝ ማለት የጋበዛችሁት እንግዳ ብዛት ነው፣ ሪዞሉሽን ማለት የእንጀራው ስፋት። 144 እንግዳ ጠርታችሁ ምጣዱ 50 እንጀራ ብቻ ካወጣ የቀረው ባዶ ገበታ ይዞ ይቀመጣል። 4ኬ ማለት ደግሞ ያንኑ ምጣድ አራት እጥፍ የሚሰፋ እንጀራ ጋግር ማለት ነው። ምጣዱን ሳያዩ እንግዳ አይጠራም።

ካርዱን እንዴት ትጠይቁታላችሁ?

አንደኛ፣ የፍሬም ቆጣሪ አብሩ። ስቲም የራሱ አለው፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ኢን ጌም» የሚለው ጋ ታገኙታላችሁ። ቪ-ሲንክን አጥፉ፣ ጌሙ ውስጥ የፍሬም ገደብ ካለም አንሱት፤ አለዚያ ካርዱ ቢችልም ቆጣሪው 60 ላይ ቆሞ ይዋሻችኋል። ከዚያ ሁልጊዜ የምትጫወቱትን ጌም በምትወዱት ሴቲንግ ግማሽ ሰዓት ተጫወቱ። ሁለት ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉ፦ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየውን፣ እና ጭሱም ተኩሱም ሲበዛ የሚወርድበትን። ሁለተኛው ቁጥር ከመጀመሪያው ይበልጥ እውነተኛ ነው።

ሁለተኛ፣ ያልገዛችሁትን ሞኒተር አስመስላችሁ ሞክሩ። ይሄን የሚያውቅ ሰው ሲያንስ ሁልጊዜ ይገርመኛል። የኢንቪዲያ ካርድ ካላችሁ ኮንትሮል ፓኔሉ ውስጥ «ዲኤስአር ፋክተርስ» የሚል አለ። ባለ 1080ፒ ሞኒተር ላይ 1.78 የሚለውን ብትመርጡ ጌሙ ውስጥ 2560 በ1440 የሚል ምርጫ ይመጣላችኋል፤ 4.00 የሚለውን ብትመርጡ 4ኬ ይመጣል። የኤኤምዲ ካርድ ያላችሁ «ቨርቹዋል ሱፐር ሪዞሉሽን» የሚለውን አብሩ። ስክሪናችሁ ያው የድሮው ነው፣ ካርዱ ግን የአዲሱን ሞኒተር ሥራ እየሠራ ነው። እንደገና ግማሽ ሰዓት ተጫወቱ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ጻፉ።

መልሱ በእጃችሁ ነው። በ1440ፒ ዝቅተኛው ቁጥር ከ60 በላይ ከቆየ 1440ፒ ግዙ፣ እኔም እመርቃችኋለሁ። ወደ 40 እና 35 ከወረደ ካርዳችሁ «አልችልም» ብሏችኋል፤ በ1080ፒ ቆዩ። 4ኬውም እንደዚያው።

ሦስተኛ፣ ፕሮሰሰሩን አትርሱ። ብዙዎቻችን ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ገዝተን ካርድ ገጥመንበት ነው የምንጫወተው። ሪዞሉሽኑን ወደ 720ፒ ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ። ቁጥሩ ካልጨመረ የያዛችሁ ካርዱ አይደለም፣ ፕሮሰሰሩ ነው። እንደዚያ ከሆነ 240 ሄርዝ ሞኒተር ብትገዙ 240ውን በጭራሽ አታዩትም።

ይሄን ምርመራ ያላደረገ ሰው ቢያንስ በግምት ይሂድ። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ፣ ጂቲኤክስ 1650፣ አርኤክስ 570 እና 580 የመሳሰሉት የ1080ፒ ካርዶች ናቸው። ቫሎራንትንና ዶታ 2ን የመሰሉ ቀለል ያሉ ጌሞችን በደንብ ያስኬዳሉ፣ ከበድ ባሉት ላይ ሴቲንግ መቀነስ ግድ ነው። ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር፣ አርቲኤክስ 3060፣ አርኤክስ 6600 እና አርቲኤክስ 4060 አሁንም ቤታቸው 1080ፒ ነው፣ ግን በከፍተኛ ሄርዝ። ከነዚህ ውስጥ ሦስቱ ሴቲንግ ቀነስ ካደረጋችሁላቸው 1440ፒንም ይሞክራሉ፤ 1660 ሱፐርን ግን አታስቸግሩት። 1440ፒ ያለ ሐሳብ የሚባለው ከአርቲኤክስ 3070፣ ከአርኤክስ 6700 ኤክስቲ፣ ከአርቲኤክስ 4070 ጀምሮ ነው። 4ኬ በከባድ ጌም ላይ የነ4080 እና የነ4090 ሰፈር ነው፤ እዚያ ሰፈር የሚኖር ሰው የኔን ጽሑፍ አያስፈልገውም። ላፕቶፕ ያላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ ስሙ 4060 ቢልም የላፕቶፑ ካርድ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚለያይ ከዴስክቶፑ እኩል ነው ብላችሁ አትነሱ።

የምትጫወቱት ጌምም ድርሻ አለው። ካውንተር-ስትራይክ 2፣ ቫሎራንት፣ አፔክስ የምትጫወቱ ከፍ ያለ ሄርዝ ይጠቅማችኋል። ኤልደን ሪንግ ግን ፒሲ ላይ ከ60 ፍሬም በላይ አይሄድም፤ ተክን 8 እና ስትሪት ፋይተር 6 ውጊያቸው በ60 ፍሬም የተሠራ ነው። ቀንም ማታም ተክን ለሚጫወት ሰው 240 ሄርዝ መሸጥ ኃጢአት ነው። እንደ ሳይበርፐንክ 2077 ዓይነት ተረክ ያለው፣ ዓይን የሚያጠግብ ጌም የምትወዱ ከሄርዙ ይልቅ ለቀለሙና ለጥራቱ ብታወጡ ይሻላል።

አሁን ደግሞ ከቁጥሮቹ ሁሉ ይበልጥ አጥብቄ የምጠይቀውን ልንገራችሁ፤ አዳፕቲቭ ሲንክ።

ካርዱ የሚያወጣው ፍሬም አንዴ 90፣ አንዴ 63፣ አንዴ 77 እያለ ይዘላል። ሞኒተሩ ግን በራሱ ምት ብቻ ሲያድስ ሁለቱ ይተላለፋሉ፤ የአንዱ ሥዕል እኩሌታ ከሌላው እኩሌታ ጋር ተገናኝቶ ስክሪኑ መሐል ላይ የተቀደደ ይመስላል። አዳፕቲቭ ሲንክ ሞኒተሩ ካርዱን እንዲጠብቀው ያደርጋል። ካርዱ 63 ካወጣ ሞኒተሩም በ63 ያድሳል። እንደ ጥሩ ከበሮ መቺ የዘማሪውን እግር እያየ ይመታል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት አዳፕቲቭ ሲንክ ያለው ሞኒተር ላይ 65 ፍሬም፣ ከሌለው ላይ ወጣ ገባ ከሚል 90 ይበልጥ ለስላሳ ሆኖ ይታያል። ከኔ አቅም በታች ካርድ ላለው ሰው ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም።

ኢንቪዲያ ጂ-ሲንክን ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው፣ ሞኒተሩ ውስጥ የራሱን ልዩ ቺፕ እያስገባ፤ ዋጋው የማይቀመስ ነበር። ኤኤምዲ በ2015 ፍሪሲንክን ይዞ መጣ፣ ያለዚያ ውድ ቺፕ። በጥር 2019 ኢንቪዲያም በሩን ከፍቶ ከጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ጀምሮ ያሉ ካርዶቹ ከነዚህ ሞኒተሮች ጋር በዲስፕሌይፖርት እንዲሠሩ ፈቀደ። ስለዚህ «የኢንቪዲያ ካርድ ስላለህ የግድ ጂ-ሲንክ የተጻፈበትን ግዛ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁት ውጡ።

አንድ የማይነገር ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው «ካርዴ ደካማ ነው፣ 75 ሄርዝ ይበቃኛል» ይላል። ሳጥኑ ጀርባ ወይም የአምራቹ ገጽ ላይ የአዳፕቲቭ ሲንኩን ክልል እዩ። ባለ 75ቱ ብዙ ጊዜ ከ48 እስከ 75 ይላል፣ ባለ 144ቱ ከ48 እስከ 144። ፍሬማችሁ ከ48 በታች ሲወርድ፣ ሰፊ ክልል ያለው ሞኒተር እያንዳንዱን ሥዕል ሁለት ጊዜ ያሳያል፤ 40 ፍሬም በ80 ሄርዝ ይታያል፣ መቀደድም የለም። ጠባቡ ግን 80ው ክልሉ ውስጥ ስለማይገባ ይሄን ማድረግ አይችልም። እንግዲህ 144 ሄርዝ ለጎበዝ ካርድ ብቻ አይደለም፤ ለሚደክም ካርድም ምርኩዝ ነው። በ1080ፒ ላይ ብር ማከል ካለባችሁ እዚህ ላይ አክሉ።

ስለዚህ ለብዙዎቻችን የምለው ይሄ ነው፦ 24 ኢንች፣ 1080ፒ፣ 144 ወይም 165 ሄርዝ፣ አዳፕቲቭ ሲንክ ያለው። አይዟችሁ፣ «አሮጌ» አይደለም። ጠንከር ያለ ካርድ ካላችሁ 27 ኢንች፣ 1440ፒ፣ ያው ሄርዝ። 27 ኢንች ላይ 1080ፒን አልመክርም፤ በአንድ ኢንች ውስጥ የሚገባው ነጥብ ከ92 ወደ 82 ገደማ ስለሚወርድ ጽሑፉ ሻካራ ይሆናል። 27 ኢንች ላይ 1440ፒ ግን 109 አካባቢ ነው፣ ዓይን ይወደዋል። የፓኔሉን ዓይነት ከጠየቃችሁኝ አይፒኤስ ቀለሙም አንግሉም ጥሩ ነው፤ ቪኤ ጥቁሩ ይበልጥ ጥቁር ነው፣ ግን ርካሾቹ ጨለማ ቦታ ላይ ፈጣን እንቅስቃሴ ሲኖር ጥላ ይጎትታሉ።

የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ ፍትሐዊ ልሁን።

«4ኬ ለወደፊቱ ይሆነኛል፣ ካርዱን በኋላ እቀይራለሁ» የሚል አለ። ያ «በኋላ» የታወቀ ቀን ያለው ከሆነ፣ ብሩም ከተቀመጠ፣ ግዛ። ብዙ ጊዜ ግን «በኋላ» ሦስት ዓመት ይሆናል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የደበዘዘ ሥዕል እያየህ ትጫወታለህ፣ ካርዱን ስትገዛ ያ ሞኒተር ዋጋው ወርዶ ሱቅ ተደርድሮ ታገኘዋለህ።

«ዲኤልኤስኤስና ኤፍኤስአር እያሉ ሪዞሉሽን ምን ያስጨንቃል?» የሚል አለ። ይሄ ጥሩ ክርክር ነው። ካርዱ ሥዕሉን በትንሹ ሠርቶ በብልሃት ያሰፋዋል። 4ኬ ላይ «ፐርፎርማንስ» ስትሉት ከውስጥ የሚሠራው በ1080ፒ ነው፤ 1440ፒ ላይ «ኳሊቲ» ስትሉት ወደ 960ፒ ገደማ። ድንበር ላይ ያለ ካርድ ወደ 1440ፒ እንዲሻገር ይረዳዋል፣ እቀበላለሁ። ግን ዲኤልኤስኤስ የሚሠራው አርቲኤክስ በሚባሉት ላይ ብቻ ነው፣ ሁሉም ጌም አይደግፈውም፣ ማስፋቱም በራሱ ሥራ ነው። ለተራራው አቀበት ምርኩዝ ነው እንጂ እግር አይደለም።

«ፒንጋችን ከመቶ በላይ ሆኖ ስለ 10 ሚሊሰከንድ ታወራለህ እንዴ?» የሚለኝም አለ። ሳቄ ይመጣል፣ ምክንያቱም እውነት አለበት። ከአዲስ አበባ አውሮፓ ሰርቨር ላይ ስንጫወት ፒንጋችን ብዙ ጊዜ ሦስት አኃዝ ነው፣ ያንን የትኛውም ሞኒተር አያስተካክለውም። ግን ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ፒንግ ዜናው ከሰርቨሩ ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚደርስ ነው። ሄርዝ ደግሞ እጃችሁ ማውሱን ሲያንቀሳቅስ ዓይናችሁ ምን ያህል ቶሎና በለስላሳ እንደሚያየው ነው፤ ይሄ ቤታችሁ ውስጥ ያልቃል፣ ኢንተርኔት አይነካውም። እንዲያውም መዘግየቱ አንዴ ካለብን፣ ሌላ መዘግየት በላዩ መጨመር ለምን? ይልቅ ፒንጉ ለ240 እና ለ360 ሄርዝ ተጨማሪ ብር ላለማውጣት ጥሩ ምክንያት ነው።

«እኔ በዚሁ ስክሪን ሥራም እሠራለሁ» የሚል ሰው ግን ይረታኛል። ግራፊክ ዲዛይን፣ ቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ ኮድ የሚጽፍ ሰው፣ እንጀራው ከዚያ ስክሪን ላይ ነው። ለሱ 27 ኢንች 1440ፒ ወይም 4ኬ ተገቢ ነው፤ ጌም ሲጫወት የጌሙን የውስጥ ሪዞሉሽን ይቀንሳል፣ ሥራው ይበልጣል። ሞኒተሩ ዋጋውን ራሱ ይከፍላል።

ውጭ ዘመድ ላላችሁ ደግሞ አንድ ምክር። «ምን ላምጣልህ?» ስትባሉ «ጌሚንግ ሞኒተር» ብቻ አትበሉ። ሰውየው ሱቅ ይገባል፣ ሻጩ ትልቁንና 4ኬውን ያሳየዋል፣ እሱም ወንድሜን ላስደስት ብሎ ይገዛዋል። አምስት ነገር ጽፋችሁ ላኩለት፦ ኢንቹን፣ ሪዞሉሽኑን፣ ሄርዙን፣ አዳፕቲቭ ሲንክ እንዲኖረው፣ እና አዳፕተሩ ወይም ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል እንዲያይ። የኛ መብራት 220 ቮልት ነውና በ110 ብቻ የሚሠራ ከመጣ ገና ሲሰካ ያልቅለታል። 24 ኢንች ሻንጣ ውስጥ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የመድረስ ዕድሉ ከ32 ኢንች የተሻለ መሆኑንም አትርሱ።

እዚሁ ሱቅ የምትገዙ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይሰካላችሁ። የዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ «ዲስፕሌይ»፣ ከዚያ «አድቫንስድ ዲስፕሌይ» ገብታችሁ ስንት ሄርዝ እንደሚል በዓይናችሁ እዩ። «144 ነው» ተብሎ 75 የሚያወጣ አለ። ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ቀይ ሥዕል በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱና ከፍታችሁ የሞተ ፒክስል ፈልጉ። ኬብሉንም ጠይቁ፤ ዲስፕሌይፖርት ካለ እሱን ውሰዱ። አሮጌው ኤችዲኤምአይ 1.4 በ4ኬ ከ30 ሄርዝ አያልፍም፣ 2.0 በ4ኬ 60 ላይ ይቆማል፣ በ1440ፒ ግን 144 ይችላል።

ቤት ስትደርሱ ደግሞ ኬብሉን ካርዱ ላይ ሰኩ፣ ማዘርቦርዱ ላይ አይደለም። ከዚያ ያንኑ ሴቲንግ ገብታችሁ ሄርዙን ራሳችሁ ከፍ አድርጉ፤ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ በ60 ነው የሚጀምረው። ባለ 144 ሞኒተር ገዝቶ ዓመት ሙሉ በ60 የተጫወተ ሰው አይቻለሁ፣ ማንም ስላልነገረው ብቻ።

ዩቲዩብ ላይ የሚያዩት ሞኒተር ከጀርባው አርቲኤክስ 4090 እንዳለ ካሜራው አያሳይም። ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር። የሰውየው ስክሪን የሚያምረው ለሱ ካርድ ስለተመረጠ ነው፤ የናንተም ለናንተ ካርድ ከተመረጠ ያምራል። አንድ ወጣት ከወር ደመወዙ እየቆጠበ፣ ወይም አባቱን ለምኖ የሚገዛው ዕቃ ነው፤ ለአንድ ምሽት ምርመራ አይነፈግም።

እንግዲህ ዛሬ ማታ መብራት ካለ ሞክሩት። የካርዳችሁን ስም፣ የምትጫወቱትን ጌም፣ በ1080ፒ እና በ1440ፒ ያገኛችኋቸውን ሁለት ሁለት ቁጥሮች ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። ያኔ «ምን ሞኒተር ልግዛ?» ስትሉኝ ጥያቄ ሳልመልስ ቀጥታ እነግራችኋለሁ። ልትገዛ ያሰበ ጓደኛ ያላችሁ ደግሞ ብሩን ሳያወጣ ታግ አድርጉት።